ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎችን የሰፈር ስብስብ እንዴት እናስተዋውቅ? ወሬ ሳይበዛ ሰው እንዲመጣ

ይሄን የምፅፈው አንድ አይነት ነገር ደጋግሞ ሲበላሽ ስላየሁ ነው። ሁለት ሦስት ሴቶች ይነሱና "ብቻችንን ልጅ የምናሳድግ እንሰብሰብ" ይላሉ፣ ሀምሳ ወረቀት ኮፒ ያስደርጋሉ፣ ከታክሲ ተራው እስከ ወፍጮ ቤቱ ይለጥፋሉ፣ እሁድ ደርሶ ቡናው ፈልቶ ፈንድሻው ቀርቦ የሚገኙት ራሳቸው ሦስቱና አንድ ጎረቤት ናቸው። ከዛ "የኛ ሰፈር ሰው አይረባም" ይባልና ነገሩ እዛው ይቀራል።

ሰፈሩ ምን አጠፋ? ማስታወቂያው እኮ እንደ ኮንሰርት ነው የተለጠፈው። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ባለበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እዛ ወረቀት ፊት ቆማ የምታነብ ሴት "ባል የለኝም" ብላ እንደለፈፈች ነው የሚቆጠረው። ስለዚ ስራችሁ አንድ ነው፤ ሰው ሳይታይ እንዲሰማ፣ ሳይታይ እንዲደውል፣ ሲመጣም "የት ትሄጃለሽ" ቢባል የሚመልሰው ነገር እንዲኖረው ማድረግ። ከታች ያለው ሁሉ ለዚ ነው።

እኔ የማውቀው የአዲስ አበባን ዳር ነው፤ አባዶ፣ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን ጉራ የመሳሰሉትን። መሃል ከተማ ያደገ ሰው የማይገባው ነገር፣ እዚ አብዛኛው ሰው አዲስ ነው፣ በእጣ የመጣ አለ፣ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ተነስቶ የመጣ አለ፣ የድሮ እድሩም የድሮ ጎረቤቱም እዛ ቀርቷል። ልጅ ለአንድ ሰዓት የሚይዝለት ሰው የሌለው ብዙ ነው፣ ግን ማን ምን እንደሆነ ስለማይተዋወቅ ለማመን ደሞ ይፈራል።

ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ሳምንት መድቡ። በአንድ ሳምንት እንጨርሳለን ካላችሁ አትጀምሩት።

ቢያንስ ሦስት ሰው ሁኑ፣ ሦስታችሁም ልጅ ብቻችሁን የምታሳድጉ። ከሦስቱ አንዱ አባት ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ። ብቻሽን ከሆንሽ መጀመሪያ ሁለት ሰው ፈልጊ፣ ምክንያቱም ልጅሽ በታመመ ቀን ስብሰባው አብሮ ይታመማል።

ሌላ ሲም ካርድ ያስፈልጋችኋል። የግል ስልካችሁን ወረቀት ላይ እንዳትፅፉ! የሴት ስልክ የተለጠፈ እንደሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ "ማን ልበል" የሚል ወንድ አይጠፋም፣ እኔ ይሄን በራሴ ስልክ ተምሬዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ አስራ ሁለት ዓመት የያዝኩትን ቁጥር ነው የቀየርኩት። ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ ካላችሁ በቂ ነው፣ ማታ ሲሙን ታጠፉታላችሁ።

1. ማንን እንደምትጠሩ በቃል ለዩ

"ነጠላ ወላጅ" የሚለውን ቃል ሬዲዮ ላይ እንሰማዋለን እንጂ ማንም ራሱን እንደዛ አይጠራም። ባሏ የሞተባት "እኔ ሀዘንተኛ ነኝ" ትላለች፣ የተፋታችዋ ሌላ ናት፣ ሳታገባ የወለደችው ደሞ ከሁለቱም ጋር መቆጠር ትፈራለች። ሚስቱ አረብ አገር ሄዳ ሦስት ልጅ ይዞ የቀረ አባት አለ፣ እሱ "ያገባሁ ነኝ" ነው የሚለው፣ እውነቱንም ነው። ልጇ ሞታባት ወይም ውጭ ሄዳባት የልጅ ልጅ የምታሳድግ እማማ አለች። አንድ ቃል ፈልጋችሁ ሁሉንም ላጠቃልል ካላችሁ ሁሉንም ታጣላችሁ። ሁኔታውን በአጭሩ ዘርዝሩት፤ "በሞት፣ በፍቺ፣ በስደት ወይም በሌላ ምክንያት ልጅ ብቻዎን የሚያሳድጉ"። "በሌላ ምክንያት" የምትለዋን እንዳትረሷት፣ ሳታገባ የወለደችው የምትገባው በእሷ በር ነው።

ከወረቀታችሁ ላይ "ድጋፍ" የሚለውን ቃል አውጡ። እኛ መጀመሪያ "የድጋፍ ቡድን" ብለን ፃፍን፣ ከስልሳ በላይ ሰው መጣ፣ እጁ ላይ የመታወቂያ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ይዞ። ዘይትና ዱቄት የሚታደል መስሎት። ጥፋቱ የኛ ነው፣ እዚ አገር "ድጋፍ" ማለት እኮ ዝርዝር ውስጥ ገብተህ የሆነ ነገር ተሸክመህ የምትሄድበት ነው። አንዲት እናት ከስራ ቀርታ መጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።

"ማህበር"፣ "ድርጅት"፣ "ፋውንዴሽን" የሚሉትንም ተዉ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርና እቁብን የመሰሉትን አይመለከትም፣ ቡና እየጠጡ ለመጨዋወትም ድርጅት መሆን አያስፈልግም፣ ግን ወረቀት ላይ "ድርጅት" ብላችሁ ከፃፋችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ "የምዝገባ ሰርተፍኬታችሁስ?" ነው። ወደፊት ገንዘብ ከሰው መቀበል ካሰባችሁ ያኔ በወጉ ተመዝገቡ።

*ስሙ ላይ ከተጣላችሁ፦* ስም አትስጡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እኛ "የእሁድ ቡና" ብቻ ነበር ምንለው፣ ለጎረቤት ለመናገርም ቀላል ነው፣ "የት ትሄጃለሽ?" "ቡና ተጠርቼ"። አለቀ።

2. ቦታና ሰዓት ሳትቆርጡ አንድም ወረቀት አታትሙ

ቦታው ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፤ ሰው ለሌላ ጉዳይም የሚገባበት ይሁን፣ ልጅ የሚሯሯጥበት ይኑረው፣ መፀዳጃ ቤት ይኑረው። ለሌላ ጉዳይ የሚገባበት ማለት ለምሳሌ የእድር አዳራሽ፣ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት (ኮሙናል የሚባለው)፣ መዋእለ ህፃናት፣ ቤተ መፅሐፍ። የአንዳችሁ ቤት አይሁን፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን። ፀሎት ቤት ውስጥም አይሁን፣ ከሌላ እምነት ያለው ሰው ሳይነግራችሁ ይቀራል።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለእኛ የሰራው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ቅዳሴም ቸርችም አልቋል፣ ልብስ ታጥቧል፣ ሳይመሽ ወደቤት ይገባል። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

የውሃ ፈረቃ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ማንም እናት ከቤት አትወጣም፣ ጀሪካን ትሞላለች። ብሎኩን ጠይቁ።

የእድር ስብሰባ በየወሩ ስንተኛው እሁድ እንደሆነ። ከእድር ጋር ተጋጭታችሁ አታሸንፉም፣ እዛ ቅጣት አለ።

በወሩ 12፣ 19፣ 21፣ 23 እና 27 እሁድ ላይ ሲውሉ የፅዋ ማህበር ስለሚበዛ ሰው ይቀንሳል።

በአጠገባችሁ ቦሌ ለሚ ወይም ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ (አሁን ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የሚባለው) ካለ የሺፍት ሰዓቱን ጠይቁ። እዛ ከሚሰሩት ሴቶች መሃል ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ አታጡም፣ የእረፍት ቀኗን ካላወቃችሁ ደሞ አታገኟትም።

ሰዓት ስትፅፉ "ከቀኑ 8 ሰዓት" በሉ፣ "8:00" ብቻ አትበሉ። ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ጠዋት የመጣ አለ፣ በር ተዘግቶ ጠብቆ ጠብቆ ተመለሰ።

*ቦታው በመጨረሻ ሰዓት ከተከለከለ፦* ለዚህ ነው ቦታውን ወረቀት ላይ የማንፅፈው። ቦታው በስልክ ብቻ ይነገራል፣ ስለዚ ከተቀየረ ለደወሉት መንገር ነው። በዛውም የማትፈልጉት ሰው በር ላይ አይጠብቃችሁም።

3. ለሚመለከተው ሰው ቀድማችሁ ንገሩ

ይሄን ደረጃ መዝለል ያምራል፣ አትዝለሉት። መጀመሪያ የብሎክ ኮሚቴውን፣ ከዛ የእድሩን ዳኛ፣ ከዛ ወረዳ ሄዳችሁ የሴቶች፣ ህፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ክፍሉን አነጋግሩ። ፍቃድ ለመለመን አትሂዱ፣ ለማሳወቅ ነው የምትሄዱት። ግማሽ ገፅ ወረቀት ያዙ፤ እነማን ናችሁ፣ መቼና የት፣ ምን ታደርጋላችሁ፣ ምን አታደርጉም። "ምን አታደርጉም" የሚለው ነው የሚነበበው፤ ገንዘብ አንሰበስብም፣ ሃይማኖት አንሰብክም፣ ፖለቲካ አናወራም፣ የሰው ስም አንመዘግብም።

የእድር ዳኛ ጋ ስትሄዱ ጫማችሁ ጭቃ ቢሆንም ነጠላችሁ ንፁህ ይሁን (እየቀለድኩ አይደለም)። "ጋሼ፣ ምክርዎን ፈልገን ነው" ብላችሁ ጀምሩ። ሰውየው "ይሄ ባል አያስፈልግም የሚል ነገር ነው እንዴ?" ሊላችሁ ይችላል፣ እኔን ብሎኛል። አትከራከሩ። "ጋሼ፣ እርስዎ እድር ውስጥ ባላቸው የሞተባቸው ስንት እናቶች አሉ? ከሰልስት በኋላ ማን ይጠይቃቸዋል?" በሏቸው። እኔ ያነጋገርኳቸው ዳኛ ዝም አሉ፣ በኋላ አዳራሹን ራሳቸው ናቸው የሰጡን።

*ወረዳው "የአባላት ስም ዝርዝር አምጡ" ካለ፦* የሦስታችሁን ስምና ስልክ ስጡ፣ የሌላ ሰው አትስጡ። "አባል የለንም፣ የሚመጣ ሰው ነው ያለው" በሉ። አንድ ጊዜ ዝርዝር ሰጥተው ያ ዝርዝር ለሌላ ጉዳይ ሲዞር ከተሰማ ነገሩ ያኔ አብቅቷል።

4. ፅሁፉን አዘጋጁ

አጭር ይሁን። በ"እርስዎ" ይፃፍ። ልጅ ያዘለች ሴት ስዕል፣ የሚያለቅስ ህፃን፣ የተሰበረ ልብ ምናምን አትጨምሩ፣ ማንም እንደምስኪን መታየት አይፈልግም። እኛ ሦስት ጊዜ ቀይረን የደረስንበት ይሄ ነው፣ እንዳለ ውሰዱት፦

> ልጅ ብቻዎን እያሳደጉ ነው?
> በሞት፣ በፍቺ፣ በስደት ወይም በሌላ ምክንያት። እናትም ይሁኑ አባት፣ አያትም ይሁኑ አክስት።
> እኛም እንደዛው ነን። በየአስራ አምስት ቀኑ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቡና እየጠጣን እንጨዋወታለን።
> ልጅ ይዘው መምጣት ይችላሉ።
> ክፍያ የለውም። ገንዘብም እህልም አይታደልም። የሃይማኖትም የፖለቲካም አይደለም።
> ቦታውን ለማወቅ በ(የአዲሱ ሲም ቁጥር) ይደውሉ ወይም ሚስኮል ያድርጉ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ስም አንጠይቅም።

"ሚስኮል" የምትለዋ ትልቅ ናት፣ ካርድ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ሚስኮል ሲመጣ ግን ወዲያው አትደውሉ፤ መጀመሪያ "አሁን መደወል ይቻላል?" ብላችሁ ቴክስት አድርጉ፣ አጠገቧ ማን እንዳለ አታውቁም። ቴክስቱ ላይ ስለ ልጅም ስለ ባልም አትፃፉ።

ሰው ለ"መጨዋወት" ብቻ ካልመጣ መሳቢያ ጨምሩ። ለመጀመሪያው ቀን አንድ የሚጠቅም ርዕስ ያዙ። ሁለት ርዕስ ሁሌም ሰው ያመጣል፤ አንደኛው የልጅ ቀለብ ከሌላኛው ወላጅ እንዴት እንደሚጠየቅ ነው፣ ሁለተኛው የልጅ የልደት ምዝገባ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ብዙ ሰው ያውቃል፣ ግን አባት የለም ሲባል "የአባት ስም ምን ተብሎ ይሞላል" የሚለው ጋ ስንቷ እናት ደንግጣ ትታው ተመልሳለች። የሚያውቅ የህግ ሰው ወይም የወሳኝ ኩነት ባለሙያ ለሃያ ደቂቃ ብትጋብዙ "የት ትሄጃለሽ" ለሚለውም መልስ ይሆናል፣ "ስለ ልደት ሰርተፍኬት ልጠይቅ"። ራሳችሁ ግን የህግ ምክር አትስጡ።

5. በአፍ አድርሱት (ግማሹ ስራ ይሄ ነው)

ወረቀት ከመለጠፋችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ይጀመር። በየሰፈሩ ሰው ችግሩን የሚነግራቸው አምስት ስድስት ሰዎች አሉ፣ እነሱን ፈልጉ። ለእያንዳንዳቸው የመዳፍ ግማሽ የምታክል ወረቀት አስር አስር ፍሬ ስጧቸው። ከእነሱ የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ይሄ ይጠቅማታል የምትሏት ሰው ካለች ለብቻዋ ስትሆን ስጧት"። ስም እንዲነግሯችሁ በጭራሽ አትጠይቁ፣ ቢነግሯችሁም አትስሙ።

የጤና ጣቢያ የክትባት ነርስ። ከሁሉም በላይ ያመጣችልን እሷ ናት። ህፃን በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ፣ ከዛ በ9 ወሩና በ15 ወሩ ለክትባት ይመጣል፣ ስለዚ ነርሷ አንዲቱን እናት ደጋግማ ታያታለች፣ ሁሌ ብቻዋን የምትመጣዋን ታውቃታለች። ወረቀቷን ከክትባት ካርዱ ጋር አጣጥፋ ስትሰጣት ማንም አያይም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። ቤት ለቤት ትገባለች። ስራ ስለሚበዛባት ግን ረዥም ነገር አትንገሯት።

አስተማሪዎች። በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረቱ (ወተመህ) በኩል ግቡ። ከርእሰ መምህሩ ይልቅ የኬጂና የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ይሻላል፣ ልጁን ማን እንደሚያመጣውና ማን እንደሚወስደው የምታየው እሷ ናት። አስተማሪዋ ወረቀቱን በልጁ ደብተር እንዳትልከው አደራ በሏት! ልጁ ያነበዋል፣ ጓደኛው ያነበዋል፣ ክፍሉ ሁሉ ያነበዋል።

የንስሐ አባት፣ ኢማም፣ ፓስተር። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አነጋግሩ፣ አንዱን ብቻ ካነጋገራችሁ የዛኛው ወገን ነገር ነው ይባላል። በድምፅ ማጉያ እንዲናገሩላችሁ ሳይሆን ለሚመክሯት ሰው ለብቻዋ እንዲነግሩ ጠይቁ።

ባለ ሱቋና ፀጉር ቤት። እዚ ጋ ተጠንቀቁ። ማን ዱቤ እንደበዛበት ባለ ሱቅ ያውቃል፣ ፀጉር ቤት ደሞ ሁሉን ይሰማል፣ ግን የሰማውን ያወራል። ወረቀቱን መስታወት ጋ ማስቀመጥ ይቻላል፣ "ለእከሊት ስጫት" ማለት ግን አይቻልም።

ለአባቶች ሌላ መንገድ። አባት በዚ ሁሉ መንገድ አይደረስበትም። ባጃጅ ተራ፣ ጀበና ቡና ጋ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ የሚቆምበት ጋ ነው ያለው። ወንድ ነው ሄዶ መንገር ያለበት፣ ንግግሩም "ና ችግርህን አውራ" ከሆነ አይመጣም። "ልጆቼን እሁድ የማመጣበት ቦታ አግኝቻለሁ፣ አንተም አምጣቸው" ሲባል ይመጣል። እኛ ጋ የመጀመሪያው አባት ሁለት ወር ሙሉ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ብቻ እያስገባ ይመለስ ነበር፣ ዝም አልነው፣ በሦስተኛው ወር ገብቶ ቡና ጠጣ።

*ሰው ወረቀቱን "አልፈልግም" ካለ፦* "እሺ፣ ለሚያውቁት ሰው ካለ ብዬ ነው" ብሎ ዞር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያቺው ሴት ከወር በኋላ ትደውላለች።

6. ወረቀቱን የት እንለጥፍ

ከስብሰባው አስር ቀን በፊት። ከአስራ አምስት ቦታ አይብለጥ።

የሚሰራ ቦታ ማለት ሰው ለሌላ ምክንያት ቆሞ የሚጠብቅበት ነው፤ የጤና ጣቢያ ወረፋ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የመፀዳጃ ቤት በር ከውስጥ በኩል። የመጨረሻው ሊያስቃችሁ ይችላል፣ ግን ሴት ብቻዋን ሆና ያለማንም አይን ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ የምታነሳበት ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝ።

መብራት ምሰሶ፣ የሰው አጥር፣ የታክሲ ሰልፍ ፊትለፊት አትለጥፉ። ምሰሶ ላይ የለጠፋችሁትን ደንብ አስከባሪ ይነቅለዋል፣ ሊያስቀጣችሁም ይችላል፣ በዛ ላይ ከ"ቤት ኪራይ" እና ከ"ፍሳሽ እናነሳለን" መሃል ተሰንጎ የሚያነበው የለም። ሁሌ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ክረምት ከሆነ ላሚኔት አስደርጉ ወይም በፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ አድርጉት፣ አፉን ወደ ታች፤ ወደ ላይ ካደረጋችሁት ውሃ ያቁራል። በእጅ የፃፋችሁት ቀለም ከሆነ በአንድ ዝናብ ያልቃል።

*ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም ስድብ ከተፃፈበት፦* በዛው ቀን አንሱት፣ እዛው ቦታ ሌላ አትተኩ። ስድብ የተፃፈበትን ያየች ሴት ሌላ ቦታ ንፁሁን ብታይም አትደውልም።

7. ቴሌግራም

እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው ሳያውቀው የሰው ሚስጥር የሚያወጣው፣ ስለዚ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ግሩፕ አትክፈቱ፣ ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ያያል፣ ጎረቤቷ የገባች እንደሆነ ስሟን ታያለች። ቻናል ላይ ግን ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም፣ የሚያየው አድሚን ብቻ ነው። የቻናሉን ስም "የእሁድ ቡና" አይነት አድርጉት፣ ሰው ስልኳን ሲያይ ስክሪኑ ላይ ምንም እንዳይነግረው።

ሦስታችሁም የራሳችሁን ስልክ ደብቁ፤ ሰቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ፎን ነምበር፣ ከዛ ኖባዲ። ለሚገቡትም ይሄንኑ በፅሁፍ አስረዷቸው።

በኋላ ተዋውቃችሁ ግሩፕ ከፈለጋችሁ ሊንኩን አድሚን ሲያፀድቅ ብቻ የሚያስገባ አድርጉት፣ እና በአካል መጥቶ ያያችሁትን ሰው ብቻ አስገቡ። ለአዲስ ገቢ የድሮው ቻት እንዳይታይ ዝጉት። ፎርዋርድ ማድረግንም ዝጉ።

የኮንዶሚኒየሙ ትልቁ ግሩፕ ላይ (ውሃ መጣ፣ ቁልፍ ጠፋ የሚባልበት) ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ ብቻ ፖስት አድርጉ፣ ጠዋት፣ በአዲሱ ሲም በተከፈተ አካውንት። ሰው ሊቀልድ ይችላል። አትመልሱ። አንዱ "ለእኔም ሚስት ፈልጉልኝ" ብሎ ይፅፋል፣ ሌላው ይስቃል፣ እናንተ መልስ ከሰጣችሁ ሃምሳ ኮሜንት ይሆናል፣ ዝም ካላችሁ በአስር ደቂቃ ውስጥ መብራት ጠፋ የሚል ፖስት ይውጠዋል።

ቲክቶክና ፌስቡክ ለዚ ስራ አይሆንም ባይ ነኝ። ጎንደርና አዳማ ያለ ሰው ላይክ ያደርጋል፣ ፊት ለፊት ብሎክ ያለችዋ ግን አትመጣም።

8. ስልኩ ሲጠራ

ማን እንደሚያነሳ በቀን በቀን ተከፋፈሉ። የሚያነሳው ሰው ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ መሆን አለበት። ንግግሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

"ሄሎ፣ እዛ ጋ ስለ ልጆች ምናምን የሚል አይቼ ነበር…"
"አዎ እህቴ፣ ትክክል ደውለሻል። እኔም ሁለት ልጆች ይዤ ነው። ስምሽን መንገር የለብሽም። በየት በኩል ነሽ?"

ከዛ ቦታውን በምልክት ንገሯት፣ በብሎክ ቁጥር ብቻ አትንገሩ፣ ብሎክ ቁጥር ፍለጋ ሰው ሲጠይቅ ይታያል። ከየት ታክሲ እንደምትወርድ፣ በስንት ደቂቃ እንደምትደርስ፣ በሩ ላይ ማን እንደሚቀበላት ንገሯት። በእድሜ የገፉ ከሆኑ "እማማ"፣ ወንድ ከሆነ "ወንድሜ"፣ ድምፁ ጠና ካለ "ጋሼ"።

"ለጎረቤቴ ነው የምጠይቀው" የምትል ትበዛለች። ለራሷ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ እሷም እንደምታውቁ ታውቃለች። "እሺ፣ ለጎረቤትሽ ንገሪልኝ፣ ከፈለግሽ አብረሻት ነይ" ማለት በቂ ነው።

*ወንድ ደውሎ "ሚስቴ እናንተ ጋ ትመጣለች?" ካለ፦* መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ "ማን እንደሚመጣ ለማንም አንናገርም"። አትመጣም ብላችሁ እንኳን አትዋሹ፣ አንድ ቀን "አትመጣም" ብላችሁ ሌላ ቀን ዝም ካላችሁ ዝምታችሁ መልስ ይሆናል። ከዛተ ሰዓቱንና ቁጥሩን ፃፉ፣ የሚያስፈራ ከሆነ ፖሊስ 991 ላይ ደውሉ፣ የዛን ሳምንት ቦታም ቀይሩ።

*"ስራ እናስገባቸዋለን"፣ "ውጭ እንልካቸዋለን" የሚል ደላላ ከደወለ፦* አመስግናችሁ ዝጉ። ቁጥሩን ለሦስታችሁም አስተላልፉ።

*ማንም ካልደወለ፦* ስብሰባውን አትሰርዙ። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና ነርሷና አስተማሪዋ ጋ ሄዳችሁ ወረቀቱ ቀርቷቸው እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አስሩም ፍሬ መሳቢያ ውስጥ ነው የምታገኙት፣ "ረስቼው" ትላለች፣ አትቆጡ፣ እንደገና አስረዷት።

9. የመጀመሪያው እሁድ

ሐሙስ ለደወሉት ሁሉ ቴክስት፤ "እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ቡና አለ፣ እንጠብቅሻለን"። ሌላ ቃል አይጨመርበት። እሁድ ጠዋት አትደጋግሙ።

በር ላይ አቴንዳንስ የሚባል ነገር እንዳይኖር። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው በር ላይ ካየች ከርቀት ነው የምትመለሰው። ለልጆቹ ኳስና ከለር አዘጋጁ፣ አንድ ሰው ልጆቹን ብቻ ይይዝ። ክብ ሰርቶ "እስቲ ራሳችሁን አስተዋውቁ" አይባል፣ ያንን ፈርቶ ነው እኮ ሰው የሚቀረው። ቡና ቁሉ፣ ወሬው ራሱ ይመጣል። ሲጀመር አንድ ደንብ ብቻ ተናገሩ፤ እዚ የተወራ እዚ ይቀራል።

ፎቶ የለም። እኛ ሦስተኛው እሁድ ላይ አንዷ በቅንነት የቡናውን ረከቦት አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች፣ ከኋላ የሁለት ሴቶች ፊት ይታያል። በማግስቱ አጠፋችው፣ ግን አምስት ሰው ከዛ ወዲህ አልመጣም። ስለዚ አሁን ፎቶ የምናነሳው ከሰው በፊት ነው፤ ባዶውን ረከቦት፣ ስኒውን፣ ፈንድሻውን፣ ለቻናሉ በቂ ነው።

*አራት ሰው ብቻ ከመጣ፦* አራት ሰው በቂ ነው፣ ጀምሩ። "ዛሬ ሰው አልመጣም" የሚለውን ቃል በመጡት ፊት አትናገሩ፣ እነሱ ሰው ናቸው።

*በጣም ብዙ ከመጣ፦* ምናልባት አሁንም እርዳታ መስሏቸዋል። በሩ ላይ ቆማችሁ በትህትና "የሚታደል ነገር የለም፣ ቡና ጠጥቶ መጫወት ነው፣ ለመቆየት የፈለገ እሰየው" በሉ፣ ለሚሄዱትም ቡና አጠጥታችሁ ሸኙ። ከዛ ወረቀቱን አንብቡና የትኛው ቃል እንዳሳታቸው ፈልጉ።

10. ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ

በሦስት ቀን ውስጥ የተለጠፉትን ወረቀቶች ዞራችሁ እዩ፣ የተበላሸውን አንሱ። በአፍ ያደረሱላችሁን ሰዎች፣ በተለይ ነርሷንና አስተማሪዋን፣ በአካል ሄዳችሁ አመስግኑ፣ ማን እንደመጣ ግን ለእነሱም አትንገሩ። "ስንት ሰው መጣ?" ቢሏችሁ "ጥሩ ነበር" ይበቃል።

የመጡትን "ሰው አምጡ" ብላችሁ አታስጨንቁ። ሲወጡ ሁለት ሁለት ወረቀት በእጃቸው ስጡና ዝም በሉ። ከሦስተኛውና ከአራተኛው እሁድ በኋላ አዲስ ሰው የሚመጣው በነሱ ነው፣ ግድግዳ ላይ ያለውንም ያኔ ቀንሱት፣ ጤና ጣቢያውና ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ይቆይ።

ቀኑን ደሞ በምንም ምክንያት አትዝለሉ። መስከረም ላይ ደብተር ግዢ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ፋሲካ ነው እያላችሁ አንድ እሁድ ከዘለላችሁ፣ ድፍረቷን ስትሰበስብ ከርማ በዛው ቀን የመጣች ሴት የተዘጋ በር ታገኛለች። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ብቻም ብትሆኑ በሩን ከፍታችሁ ጀበናውን ጣዱ።